የደም ዋጋ በትምህርት ቤት ሣጥን

ሜሪላንድ የምትኖሩ ወገኖቼ ሆይ፣ ይህን ቃል ከእናንተ እጀምራለሁ። እ.ኤ.አ. በኖቬምበር 2020 በድምፅ መስጫ ወረቀታችሁ ላይ የስፖርት ውርርድ ይፈቀድ እንደሆነ ተጠይቃችኋል። ዋና ዓላማው ለትምህርት ገቢ ማስገኘት እንደሆነ እዚያው ጥያቄው ውስጥ ተጽፎ ነበር። ከሦስት መራጭ ሁለቱ ያህል «ይሁን» አለ። የልጆች ስም ስለተጠራ ነገሩ በቀላሉ አለፈ፤ ገንዘቡ ከማን ኪስ እንደሚወጣ የጠየቀ ጥቂት ነበር። ዛሬ ከማን ኪስ እንደሚወጣ ታውቋል። እያወቁ ዝም ማለት ደግሞ ኃጢአት ነው።

ግብሩ እንዴት እንደሚሰላ ተመልከቱ። ሰዎች ካስያዙት ገንዘብ ላይ ላሸነፉት ተከፍሎ የሚተርፈው «የኩባንያው ገቢ» ይባላል። ይህ ትራፊ ሰዎች የተበሉት ገንዘብ ነው። ሜሪላንድ ሥራው ሲጀመር ከዚህ ላይ 15 ከመቶ ትወስድ ነበር፤ በ2025 በስልክ በሚደረገው ውርርድ ላይ ወደ 20 ከመቶ ከፍ አደረገችው። እንግዲህ ግዛቲቱ 20 ዶላር እንድታገኝ ነዋሪዎቿ 100 ዶላር መበላት አለባቸው። የበጀት ሹሙ በመጪው ዓመት ከውርርድ የሚገባው ግብር ከፍ እንዲል ሲያቅድ፣ ሕዝቡ ከዘንድሮው አብልጦ እንዲበላ እያቀደ ነው። በሌላው ግብር የመንግሥት ገቢ የሚያድገው ነጋዴው ሲያተርፍና ሠራተኛው ደመወዙ ሲጨምር ነው። በዚህኛው ግን መንግሥት የሚጠቀመው ዜጋው ሲከስር ነው። ይህን ሕግ ያወጣችሁ ሁሉ፣ የሕዝባችሁን ኪሳራ እንድትመኙ ራሳችሁን በሕግ አስራችኋል።

«ኢኮኖሚው ያድጋል» ተባለ። የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት እ.ኤ.አ. በሜይ 14 ቀን 2018 በስፖርት ውርርድ ላይ ከ1992 ጀምሮ የነበረውን የፌዴራል እገዳ ከመሻሩ አንድ ዓመት ቀደም ብሎ፣ የቁማር ኩባንያዎቹ ማኅበር አንድ ጥናት አሠርቶ አሰራጭቶ ነበር። ውርርድ በመላ አገሪቱ ቢፈቀድ ከ200,000 በላይ የሥራ ቦታ ይገኛል፣ በጠቅላላው ምርት ላይ 22 ቢሊዮን ዶላር ገደማ ይጨመራል የሚል ነበር። የአይጥ ምስክሯ ድንቢጥ! የግዛት ምክር ቤቶች ይህንና ይህን የመሰለውን ወረቀት ይዘው ነው እጃቸውን ያወጡት። በተፈቀደባቸው ግዛቶች ግን አብዛኛው ውርርድ የሚካሄደው በስልክ ነው። በስልክ የሚሠራ ቁማር ምን ያህል አስተናጋጅ፣ ምን ያህል ጥበቃ፣ ምን ያህል ወጥ ሠሪ ይቀጥራል?

ሲልቨር ስፕሪንግ የሚኖር አንድ የታክሲ ሾፌር ቅዳሜ ማታ 100 ዶላር በሐበሻ ምግብ ቤት ቢያወጣ፣ ገንዘቡ ለአስተናጋጇ ጉርሻ፣ ለእንጀራ ጋጋሪዋ ዋጋ፣ ለቤቱ ኪራይ ይሆናል። ግዛቲቱም የሽያጭ ግብሯን ታገኛለች። ያንኑ 100 ዶላር በስልኩ አስይዞ ከተበላ፣ ግብሩ ተነሥቶለት የቀረው ቦስተን ወዳለው የውርርድ ኩባንያ ወደ ድራፍትኪንግስ ይሄዳል፤ ወይም ደግሞ ሌላውን የውርርድ ኩባንያ ፋንዱዌልን ወደሚያስተዳድረውና ደብሊን ወደተመዘገበው ፍላተር። ሰፈሩ የሚያገኘው ምንም ነገር የለም። ለልጁ ጫማ፣ ለመኪናው ጥገና፣ ለእናቱ ወደ አገር ቤት ሊላክ የነበረ ገንዘብ ነው የሄደው። አዲስ ሀብት አልተፈጠረም፤ የነበረው ቦታ ቀየረ እንጂ።

ገቢውስ ቢሆን ስንት ነው? የሜሪላንድ ዓመታዊ በጀት ከ60 ቢሊዮን ዶላር ይበልጣል። በ2024 የበጀት ዓመት ከስፖርት ውርርድ ለግዛቲቱ የገባው 100 ሚሊዮን እንኳ አልሞላም። ከስድስት መቶ እጅ አንዱም አይሆንም ማለት ነው። ለዚህ ነው የሕዝቡን ደጅ የከፈታችሁት? ዋሽንግተን ዲሲ ደግሞ በ2019 ሎተሪዋንና ውርርዷን አንድ ላይ ያለ ጨረታ በ215 ሚሊዮን ዶላር ውል ለአንድ ኩባንያ ሰጠች። ይገኛል ከተባለው ገቢ እጅግ ያነሰ አገኘችና በ2024 የውርርዱን ሥራ ለሌላ ኩባንያ አስተላለፈች። ቨርጂኒያም በጃንዋሪ 2021 ሥራውን ስትጀምር ኩባንያዎቹ ደንበኛ ለማማለል የሚሰጡትን ነፃ ውርርድ ከሚገበርበት ገንዘብ ላይ እንዲቀንሱ ፈቀደች። ብዙዎቹ በዚህ መንገድ በየወሩ ከግብር አመለጡ። ግዛቲቱ የነቃችው በ2022 ነው።

በቨርጂኒያ ሕግ ላይ ግን ከዚህ የሚብስ ነገር አለ። ከውርርዱ ግብር 2.5 ከመቶው ለቁማር ሱሰኞች መርጃ ፈንድ እንዲሆን ያዛል። ይህን አስተውሉ። ሕጉን የጻፉት ሰዎች ሕዝቡ እንደሚታመም አውቀዋል፤ የሚታመመውን ሰው ማሳከሚያ እዚያው በሚያሳምመው ሕግ ውስጥ መድበዋል። እንግዲህ «አላወቅንም» የሚል ማስተባበያ ከማንም አይሰማም።

የሆነውም ያው ነው። በ2024 የካሊፎርኒያ ተመራማሪዎች የሰዎችን የብድር መዝገብ መርምረው፣ በስልክ መወራረድ በተፈቀደባቸው ግዛቶች ከተወሰነ ጊዜ በኋላ መክሰርን በፍርድ ቤት የሚያስመዘግቡ ሰዎች ቁጥር ከ25 እስከ 30 ከመቶ መጨመሩን አሳይተዋል። በዚያው ዓመት የወጣ ሌላ ጥናት ደግሞ ቀድሞውንም እጅ ያጠራቸው ቤተሰቦች ለቁጠባና ለኢንቨስትመንት የሚያውሉትን ገንዘብ ወደ ውርርድ እንዳዞሩ፣ የክሬዲት ካርድ ዕዳቸውም እንደጨመረ አረጋግጧል። በ2024 በመላ አሜሪካ ለስፖርት ውርርድ የተያዘው ገንዘብ ወደ 150 ቢሊዮን ዶላር ነው፤ ኩባንያዎቹ ያስቀሩት ከ13 ቢሊዮን ይበልጣል። የከሰረ ሰው ግብር አይከፍልም፣ ቤት አይገዛም፣ ሱቅ አይከፍትም። የእሱን ዕዳ፣ የፈረሰ ትዳሩን፣ የልጆቹን መንገላታት ማነው በኢኮኖሚ መዝገብ ላይ የጻፈው? ገቢው ተጽፏል፤ ወጪው ግን በየቤቱ ተደብቆ ቀርቷል።

«ድሮም በድብቅ ይወራረዱ ነበር፤ ወደ ብርሃን ቢወጣ ይሻላል» የምትሉ አላችሁ። ክርክሩ ፍሬ የለውም አልልም። በሕግ የሚሠራ ድርጅት ይመዘገባል፣ ያሸነፈውን ሰው ገንዘብ አይክድም፣ በሜሪላንድ ከ21 ዓመት በታች ያለውን አያስገባም። ነገር ግን በድብቅ የሚያወራርደው ሰው በእያንዳንዱ ወጣት ኪስ ውስጥ አልነበረም። ሌሊት በሰባት ሰዓት ስልክ አንቃጭሎ «ነፃ ውርርድ ተሰጥቶሃል» አይልም ነበር። በስታዲየሙ ግድግዳ ላይ ስሙን አልለጠፈም። በዲሲው ካፒታል ዋን አሬና ግን የቅርጫት ኳስ ሊያዩ ልጅና አባት በሚገቡበት ሕንፃ ውስጥ በ2021 የውርርድ አዳራሽ ተከፈተ። የኮሎራዶ ዩኒቨርሲቲ በእሱ በኩል ለሚመዘገብ ለእያንዳንዱ አዲስ ተወራራጅ 30 ዶላር የሚቀበልበት ውል ከአንድ የውርርድ ኩባንያ ጋር ነበረው፤ የቀረው በ2023 ነው። በድብቅ የነበረውን ነገር መንግሥት ሲባርከው ነውሩ ጠፋ። ነውር ደግሞ ብዙ ድሆችን ጠብቆ የኖረ አጥር ነበር።

ኩባንያዎቹ የሚያሸንፋቸውን ሰው እንደማይፈልጉም እወቁ። በተደጋጋሚ የሚያሸንፍ ሰው ሲያጋጥማቸው ሊያስይዝ የሚችለውን መጠን ይቀንሱበታል። የማሳቹሴትስ የቁማር ኮሚሽን በ2024 ስለዚሁ ጠርቶ አነጋግሯቸዋል። ብዙ ለሚበላው ደግሞ የግል አስተናጋጅ ይመድቡለታል፤ ይደውሉለታል፣ ስጦታ ይልኩለታል። አሸናፊውን የሚያባርር፣ ተሸናፊውን የሚያቅፍ ሥራ ነው። ይህን ጨዋታ ነው የትምህርት ገቢ ያላችሁት።

ክርስቶስን በሠላሳ ብር የገዙት ሊቃነ ካህናት እንኳ አንድ ነገር አውቀዋል። ይሁዳ ብሩን መቅደስ ውስጥ ጥሎ በሄደ ጊዜ፣ የደም ዋጋ በመሆኑ ወደ መባው ሣጥን ሊገባ እንደማይገባ ተነጋግረው የሸክላ ሠሪውን መሬት ለእንግዶች መቀበሪያ ገዙበት። ደሙን ለማፍሰስ ያልፈሩ ሰዎች ገንዘቡን ከተቀደሰው ገንዘብ ጋር መቀላቀል ፈሩ። እኛ ግን የወንድማችን ደመወዝ፣ የሚስቱ እንባ፣ የልጁ የወተት ገንዘብ ተሰብስቦ ሲመጣ፣ ወስደን ልጆች ፊደል በሚቆጥሩበት ቤት ሣጥን ውስጥ ጨመርነው። ልጆቹን በስማቸው ነገድንባቸው። ከነዚያ ልጆች መካከል አባቱ የተበላበት ልጅ ስንት ይሆን?

እናንተ የማኅበረሰቡ መሪዎች፣ ካህናትና ሰባክያን፣ የመስጊድ ኢማሞች፣ የዕድር ዳኞች፣ ተግሣጹ እናንተንም አይዘልም። ቁማር በቤተ ክርስቲያን ኃጢአት ነው፣ በቁርኣንም እርም ነው። ይህን ሁላችሁም ታውቃላችሁ። በመኪና ማቆሚያ ቤቶች ውስጥ ሌሊቱን ብቻቸውን ተቀምጠው የሚያድሩ፣ መንገደኛ ሲጠብቁ በኤርፖርት የሚውሉ ወጣቶች የእንግሊዝ ፕሪሚየር ሊግን ትኬት በስልካቸው እንደሚቆርጡ ታውቃላችሁ። ዕቁባቸውን በወጣ ማግስት የሚበሉ እንዳሉ ሰምታችኋል። ስለ ጾም ስትሰብኩ ስለዚህ ዝም አላችሁ። የመረጣችሁትን የምክር ቤት አባል አብራችሁት ፎቶ ለመነሣት በበዓል ቀን ስትጠሩት፣ ስለ ውርርዱ አንድ ቃል የጠየቃችሁት ጊዜ ካለ ንገሩኝ። በጋዜጣችሁና በዩቲዩባችሁ የውርርድ ማስታወቂያ ተቀብላችሁ የምታስተላልፉ ደግሞ፣ ከወንድማችሁ ጉሮሮ የተነጠቀውን ነው የምትካፈሉት። መልሱት።

አንተም የምትወራረደው ወንድሜ፣ በአንተ ላይ የተሠራብህ ግፍ አንተን ከተጠያቂነት አያወጣህም። የተበላኸው ገንዘብ የአንተ ብቻ አልነበረም። ሚስትህ ድርሻ ነበራት፣ እናትህ ትጠብቅ ነበር። በሚቀጥለው ትኬት አስመልሳለሁ የምትለው ሐሳብ ኩባንያው የሚኖርበት ሐሳብ ነው። ዛሬ ማታ ለሚስትህ የዕዳህን ልክ ሳትቀንስ ንገራት። ወደ ንስሐ አባትህ ሂድ። ሜሪላንድ ውስጥ ራስህን ከውርርድ በፈቃድህ የምታሳግድበት ዝርዝር በሎተሪና ጌሚንግ ቁጥጥር ኤጀንሲው ዘንድ አለ፤ ተመዝገብ። በ1-800-426-2537 ደውል፤ በነፃ ይመልሱልሃል።

የአናፖሊስ ሕግ አውጪዎች ሆይ፣ መንግሥትም ንስሐ ይገባል። በየዓመቱ በምንጾማት በነነዌ ታሪክ ንጉሡ ከዙፋኑ ወርዶ ለከተማይቱ በሙሉ አዋጅ አስነግሯል። ሕዝቡ በግል አልቅሶ ብቻ አልቀረም፤ ነነዌ በአዋጅ ተመለሰች። በሕግ የተፈቀደ ጥፋት የሚመለሰው በሕግ ነው። ዘኬዎስም የቀራጮች አለቃ ነበር፤ ጌታን ወደ ቤቱ በተቀበለ ጊዜ በግፍ የወሰደውን አራት እጥፍ እንደሚመልስ ቃል ገባ። እናንተ አራት እጥፍ መመለስ ባትችሉ እንኳ ልትሠሩት የምትችሉት አለ። በጨዋታ ሰዓት የውርርድ ማስታወቂያን ከልክሉ። የስልክ ውርርዱን በክሬዲት ካርድ መሙላትን አስቁሙ። አንድ ሰው በወር ሊበላ የሚችለውን መጠን በገቢው ልክ ወስኑ። ብዙ ለሚበላ ሰው የግል አስተናጋጅ መመደብን እገዱ። የትምህርት ቤቱንም ገንዘብ ከዚህ ሣጥን አውጥታችሁ ልጆቹን በቀና ግብር አስተምሯቸው። ከዚያም ሕጉን ራሱን ለሕዝብ መልሳችሁ አቅርቡ፤ በዚህ ጊዜ ግን ጥያቄው ገንዘቡ ከማን እንደሚወጣም ይናገር።

የሜሪላንድ ምክር ቤት በየዓመቱ በጃንዋሪ ሁለተኛው ረቡዕ ይከፈታል፤ ለ90 ቀን ይቀመጣል። የመረጣችኋቸውን ሰዎች ስም ታውቃላችሁ፤ ጻፉላቸው፣ ሄዳችሁም በፊታቸው መስክሩ። አማርኛ ተናጋሪ ዜጎች ሆናችሁ በጆርጂያ፣ በቴክሳስና በሚኒሶታ የምትኖሩ ወገኖች ደግሞ፣ በእናንተ ዘንድ ይህ ሕግ በተደጋጋሚ ቀርቦ ሳያልፍ ቆይቷል። እንደገና ያመጡታል፤ የትምህርት ቤትና የሥራ ዕድል ስም ጠርተው ያመጡታል። ያን ጊዜ ገንዘቡ ከማን ኪስ እንደሚወጣ ጠይቁ፣ መልሱንም እንዲጽፉላችሁ አስገድዱ፣ ድምፃችሁንም በ«አይሆንም» ላይ አኑሩ።