ሐኪሙ ነርስ ሲሆን፦ እውቀትና ሥልጣን ሲለያዩ

በሐኪምነት ተመርቆ የሠራ ሰው እንደገና ተማሪ ሆኖ ነርስነት የሚማርበት፣ ከዚያም በነርስነት ወደ ውጭ የሚሄድበት መንገድ በስፋት የታየው በፊሊፒንስ ነው። እ.ኤ.አ. ከ2000 በኋላ በነበሩት ዓመታት በሺዎች የሚቆጠሩ የአገሪቱ ሐኪሞች፣ ከእነሱም መካከል የረጅም ዘመን ልምድ ያላቸው ስፔሻሊስቶች፣ ቀን በሽተኛ እያዩ ማታና ቅዳሜ እሁድ የነርስነት ትምህርት ተከታትለዋል። የብዙዎቹ መድረሻ አሜሪካ ነበር። በ2004 የሐኪሞችን የፈቃድ ፈተና ከአገሪቱ አንደኛ ሆኖ ያለፈው ወጣት አሜሪካ ሄዶ በነርስነት እንደሚሠራ ሲናገር አገሩን አነጋገረ። አገሩን አይወድም ያሉት ነበሩ፤ የሚከፈለውን አይተው የፈረዱለትም ጥቂት አልነበሩም።

ምክንያቱ ለመረዳት አያስቸግርም። በመንግሥት ሆስፒታል የሚሠራ የፊሊፒንስ ሐኪም በዚያን ጊዜ በወር የሚያገኘው ጥቂት መቶ ዶላር ሲሆን፣ አሜሪካ ያለ ነርስ በወር ብዙ ሺህ ያገኝ ነበር። የሁለቱ ሙያዎች በርም እኩል አይከፈትም። ነርስ አንድ የፈቃድ ፈተናና የእንግሊዝኛ ፈተና አልፎ፣ የትምህርት ማስረጃውን አስመርምሮ ሥራ መጀመር ይችላል። የአሜሪካ የሥራ ሚኒስቴርም ነርስነትን ሠራተኛ ከጠፋባቸው ሙያዎች ዝርዝር ውስጥ ስላስገባው፣ ቀጣሪው ለቦታው አሜሪካዊ ፈልጎ ማጣቱን በየጊዜው ማስረዳት አይጠበቅበትም። ሐኪሙ ግን ስቴፕ የሚባሉትን የአሜሪካ የሐኪምነት ፈቃድ ፈተናዎች ማለፍ፣ ከዚያም ሬዚደንሲ አግኝቶ ቢያንስ ሦስት ዓመት እንደ ጀማሪ መሠልጠን አለበት። ፈተናውን በጥሩ ውጤት አልፎም ቦታ የሚያጣ ብዙ ነው።

እዚህ ላይ ከደመወዝና ከቪዛ ያለፈ ጥያቄ ይነሳል። ማኒላ ላይ ሐኪም የነበረው ሰው ኒውዮርክ ሲደርስ ሐኪም ካልሆነ፣ በመንገድ ላይ የጠፋው ምኑ ነው? የተማረውን አልረሳም፤ እጁም የለመደውን አልተወም። የቀረው ሥልጣኑ ነው። እውቀት ከባለቤቱ ጋር ባሕር ይሻገራል፤ ሥልጣን ግን የሰጪው ማኅበረሰብ ስለሆነ እዚያው ይቀራል። አንድን ሰው የሌላውን ገላ እንዲቀድ፣ መጠኑ ቢያልፍ የሚገድል መድኃኒት እንዲያዝ የሚያስችለው ማወቁ ብቻ አይደለም፤ ቢያጠፋ የሚጠይቀው አካል መኖሩም ነው። ስለዚህ ተቀባዩ አገር የመጣውን ሐኪም ልፈትንህ ማለቱ አግባብ ነው።

ፈትኖ ካሳለፈ በኋላ ቦታ መንፈግ ግን ሌላ ነገር ነው። የአሜሪካ ሬዚደንሲ ወጪ በአብዛኛው የሚሸፈነው ለአረጋውያን ሕክምና ከተቋቋመው የመንግሥት መድን ሲሆን፣ ይህ መድን የሚከፍልላቸው ቦታዎች ብዛት በ1997 በወጣ የበጀት ሕግ ተገድቧል። ፈተናውን ያለፈ ሐኪም እዚህ ላይ የሚቆመው እውቀቱ ስላነሰ ሳይሆን በጀቱ ስላለቀ ነው። በሕሙማን ደኅንነት ስም የሚቀርበው ክርክር እስከ ፈተናው ድረስ ያስኬዳል፤ ከዚያ ወዲያ አያስኬድም።

ሰውየው የሚከፍለው ዋጋ በሥራ ላይ ይታያል። ቀድሞ የውስጥ ደዌ ሐኪም የነበረ የሌሊት ተረኛ ነርስ፣ ትንፋሽ አጥሮት ጋደም ማለት ያቃተው የልብ ሕመምተኛ ጀርባ ላይ ስቴቶስኮፑን ያሳርፋል። ከሳንባው ግርጌ የሚንጣጣ ድምፅ ይሰማል፤ ሳንባው ውሃ ቋጥሯል። መድኃኒቱን ያውቀዋል፣ መጠኑን ያውቀዋል፣ ራሱ ብዙ ጊዜ አዝዞታል። አሁን ግን ስልክ ደውሎ፣ ምናልባት ከተመረቀ ዓመት ላልሞላው ሐኪም የትንፋሹን ፍጥነትና የኦክስጅኑን ልክ ነግሮ ትእዛዝ ይጠብቃል። ሐሳብ ማቅረብ ይችላል፤ መወሰን አይችልም። ሳይታዘዝ ቢሰጥ ነርስነቱንም ሊያጣ ይችላል። የሚያውቁትን ይዞ የሌላውን ውሳኔ መጠበቅ ድካም ብቻ አይደለም፤ ስለ ታካሚው ኃላፊነት የሚሰማው ሰው ኃላፊነቱን እንዳይወጣ ተይዞ የሚቆምበት ሁኔታ ነው።

ይህን ሁሉ “ከሐኪምነት ወደ ነርስነት ወረደ” ብሎ መቋጨት ግን ነርስነትን ይበድላል። ነርስነት የተቆረጠ ሐኪምነት አይደለም። ሐኪሙ በዙር ጊዜ ደቂቃዎች ቆሞ በሚያልፍበት አልጋ ነርሱ አሥራ ሁለት ሰዓት ይቆያል። በሐኪምነቱ ዘመን “ታካሚው ቶሎ ቶሎ ይገላበጥ” ብሎ ጽፎ የሄደ ሰው፣ ነርስ ሲሆን ራሱን የማያውቅ ከባድ ሰው በየሁለት ሰዓቱ ማገላበጥ፣ ተረከዙና ወገቡ መቅላቱን ማየት፣ የአልጋ ቁስል ሳይጀምር መድረስ ምን እንደሚጠይቅ ይማራል። ይህ ቀድሞ ያልነበረው እውቀት ነው። የፍሎሪዳ ኢንተርናሽናል ዩኒቨርሲቲ ከ2002 ጀምሮ በማያሚ የውጭ ሐኪሞችን በነርስነት ሲያሠለጥንም፣ ሐኪሞቹ የዲግሪ ትምህርት መማር አስፈልጓቸዋል። ጉዳቱ ያለው ነርስ በመሆን ላይ አይደለም፤ ያገኙት በር እሱ ብቻ በመሆኑ ላይ ነው።

ነገሩ ለኢትዮጵያውያንም እንግዳ አይደለም። በዲቪ ወይም በጥገኝነት ዋሽንግተን አካባቢ የደረሱ ሐኪሞች ለስቴፕ እያጠኑ በአረጋውያን ረዳትነትና በነርስነት ይሠራሉ። አንዳንዱ ሬዚደንሲ ይገባል፤ አንዳንዱ ልጅ ማሳደጉና የቤት ኪራዩ ቀድመውት ጊዜያዊ ያለው ሥራ የዕድሜ ልክ ሥራው ይሆናል።

ማን ምን ዕዳ አለበት የሚለው የበለጠ ያከራክራል። አገር ለሐኪሙ ማሠልጠኛ ያወጣው ገንዘብ በእርግጥ የሕዝብ ነው። ነገር ግን ዕዳ ወደ አንድ ወገን ብቻ አይቆጠርም። መድኃኒት በሌለበት ሆስፒታል፣ ልጅ በማያስተምር ደመወዝ ያሠራ መንግሥት ሐኪሙን ከዳተኛ የማለት መብቱን ራሱ አሳንሶታል። ይህ መከራከሪያ የማይመልስለት ሰው ቢኖር በአገር ቤት ወረዳ የቀረው ታካሚ ነው፤ እሱ ደመወዙን አልወሰነም፣ ሐኪሙ ሲሄድ ግን የሚጎዳው እሱ ነው።

በቅርቡ አንዳንድ የአሜሪካ ክፍለ ግዛቶች በሩን ከፈት ማድረግ ጀምረዋል። ቴነሲ በ2023 ባወጣው ሕግ፣ በአገራቸው የሠሩ ሐኪሞች ሬዚደንሲ ሳይደግሙ በክትትል ሥር በሐኪምነት እንዲሠሩ ፈቅዷል። ይህ የሐኪሙን እውቀት ከብክነት ያድናል፤ የወረዳውን ታካሚ ግን አይደርስለትም፣ እንዲያውም መሄድን ያቀልላል። የዓለም ጤና ድርጅት በ2010 ያጸደቀው የጤና ባለሙያዎች ምልመላ የሥነ ምግባር ደንብም በፈቃደኝነት የሚከበር እንጂ የሚያስገድድ አይደለም። ትኩረቱ መንግሥታትና መልማዮች ላይ ነው፤ በራሱ ገንዘብ ነርስነት ተምሮ በራሱ ያመለከተውን ሐኪም እምብዛም አያገኘውም። በተቀባዩ አገር መዝገብ የገባው አንድ ነርስ ነው፤ ከላኪው አገር የወጣው ሐኪም በየትኛውም ዓምድ ሳይቆጠር ያልፋል።