የጡረተኛው ኮሮላ

ጡረታ የወጡ አንድ መምህር ነበሩ። ዕድሜ ልካቸውን ባጠራቀሙት ገንዘብ አሮጌ ቶዮታ ኮሮላ ገዙ። አቧራ እንዳይነካት ሸራ አለበሷት፤ ዝናብ እንዳይመታት ግቢያቸው ውስጥ በቆርቆሮ መጠለያ ሠሩላት። ጠዋት ቤተ ክርስቲያን፣ ቅዳሜ ገበያ፣ አልፎ አልፎ ለቅሶ ቤት ይሄዱባታል፤ ከዚያ የራቀ መንገድ አታውቅም። ሁሉም በእግር እንኳ ከሩብ ሰዓት አይበልጥም። ከሁለተኛ ማርሽ በላይ የገባችበትን ቀን የሚያስታውስ ጎረቤት የለም። ሞተሩ ድምፁን ከፍ ባደረገ ቁጥር መምህሩ ያመመው እየመሰላቸው እግራቸውን ከነዳጅ መስጫው ላይ ያነሣሉ።

የእህታቸው ልጅ የታክሲ ሾፌር ነው። «ጋሼ፣ ኧረ አንዳንዴ እንኳ ይርገጧት!» ሲላቸው መልሳቸው ሁልጊዜ አንድ ነው፦ «ቀስ በቀስ ዕንቁላል በእግሩ ይሄዳል።»

በሦስተኛው ዓመት ኮሮላዋ ታመመች። ጠዋት ቶሎ አልነሣ አለች፤ ቆማ ስትሠራ ትንቀጠቀጣለች፤ ትንሽ ዳገት ስታይ ትንተፋተፋለች። ጭሷ ጠቆረ፣ ቤንዚን አበዛች። መምህሩ ግራ ገባቸውና በአንድ ወቅት ወዳስተማሩት መካኒክ ወሰዷት።

መካኒኩ ኮፈኑን ከፍቶ አራቱን ካንዴላዎች ፈታና በጨርቅ ላይ ደረደራቸው። አራቱም ደረቅ ጥላሸት ለብሰዋል። የዘይት መሙያውን ክዳን ገልብጦ ሲያሳያቸው ውስጡ ወተት የመሰለ ነጭ ነገር ይዟል።

«ምን በደልኳት?» አሉ መምህሩ።

«ጋሼ፣ ሙቀት ነሷት» አለ መካኒኩ። «ካንዴላ የያዘውን ጥላሸት ራሱ አቃጥሎ የሚያራግፈው ጫፉ 500 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ገደማ ሲደርስ ነው። እርስዎ ገና ሞተሩ ሳይሞቅ ይደርሳሉ፤ ያጠፉታል። ጥላሸቱ በጥላሸት ላይ ይጋገራል። ጥላሸት ደግሞ ኤሌክትሪክ ያሳልፋል፤ ብልጭታ መሆን የነበረበት ኃይል በእሱ በኩል ሾልኮ ይቀራል። ቤንዚኑ በቅጡ አይነድም፤ በቅጡ ያልነደደው ደግሞ ሌላ ጥላሸት ይሆናል።»

«ነጩስ?»

«ውሃ ነው። አንድ ሊትር ቤንዚን ሲነድ አንድ ሊትር የሚያህል ውሃ በእንፋሎት መልክ ይወጣዋል። አብዛኛው በጭስ ማውጫው ይሄዳል፤ ጥቂቱ ግን በፒስተኖቹ ዳር ሾልኮ ወደ ታች ይወርዳል። ሞተሩ በደንብ ሲግል ይተናል፤ ቀዝቃዛ ሲሆን ከዘይቱ ጋር ተላቁጦ እንዲህ ይሆናል። በዚያ ላይ ሞተሩ እስኪሞቅ ካርቡራተሩ ቤንዚን አብዝቶ ነው የሚሰጠው። አዲስ አበባ ከ2,300 ሜትር ከፍታ በላይ ናት፤ አየሩ ስስ ስለሆነ ቤንዚኑ ይብስ ያመዝናል።»

መምህሩ የለመዱትን ተረት ሊያነሡ አፋቸውን ከፈቱ። መካኒኩ ቀደማቸው፦ «ዕንቁላሉስ ቢሆን፣ ጋሼ፣ ሳይሞቅ መቼ ተፈለፈለና ነው የሚሄደው?»

መምህሩ ከልባቸው ሳቁ። ተማሪ ሲያርማቸው ደስ የሚላቸው ሰው ነበሩ።

መድኃኒቱ ረዘም ባለ መንገድ ሞተሩን አግሎ ጥላሸቱን ማራገፍ ነበር፤ መካኒኩ ግን መኪናዋን ወዲያው ይዞ አልወጣም። ካንዴላዎቹን በብሩሽ ጠርጎ መለሳቸው። የዘይቱን ልክ አየ፣ የራዲያተሩን ውሃ ሞላ፣ ቺንጋውን በጣቱ ጫን ጫን አድርጎ ፈተሸ፣ የጎማዎቹን ነፋስ ለካ። እሑድ ጠዋት መምህሩን አጠገቡ አስቀምጦ በቃሊቲ በኩል ቀስ እያለ ወደ ቱሉ ዲምቱ ነዳ። የሙቀት መለኪያው መርፌ መሐል ላይ ከቆመ ቆይቷል፤ እሱ ግን አሁንም አልረገጠም።

«ምን ትጠብቃለህ?» አሉት።

«ዘይቱን። ውሃው ቶሎ ይሞቃል፤ መርፌው የሚናገረው ስለ ውሃው ብቻ ነው። ዘይቱ ኋላ ነው የሚደርሰው።»

ወደ አዳማ የሚወስደውን የፈጣን መንገድ የክፍያ በር ካለፉ በኋላ መካኒኩ በሦስተኛ ማርሽ እንደያዛት ነዳጁን ሰጣት። የዙር መቁጠሪያው ወደ 4,500 ወጣ፤ ፍጥነቷ ግን በሰዓት 90 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ መንገዱ ከሚፈቅደው 120 በብዙ ያንሳል። ሞተሩ ጮኸ፤ መምህሩ የበሩን እጀታ ጨብጠው ጸሎት ጀመሩ። ከኋላ ጥቁር ጭስ ተግተለተለ። ጥቂት ደቂቃ ይዞ ለቀቃት፤ አሳርፎ ደግሞ ያዛት። በየጊዜው ጭሱ እየሳሳ፣ የሞተሩ ድምፅ እየጠራ ሄደ።

«ቀለላት!» አሉ መምህሩ፣ አዳማ ሲቃረቡ።

«ገና አንመን። ስንመጣ ቁልቁል ነው፤ እዚህ ደግሞ አየሩ ወፈር ይላል። ምስክሩ መመለሻው ነው።»

ሲመለሱ ኮሮላዋ ዳገቱን ሳትንተፋተፍ ወጣች። በማግሥቱ መካኒኩ ቆሻሻውን የተሸከመውን ዘይት ቀየረላት። «ከእንግዲህ በየሁለት ሳምንቱ ረዘም ያለ መንገድ ይውሰዷት፤ ይበቃታል» ብሎ ሸኛቸው።

የእህታቸው ልጅ ይህን ሰማ። «አላልኩም? መድኃኒቱ መርገጥ ነው!» አለ። የእሱም መኪና ጉልበት ካጠራት፣ ጭሷም ከበዛ ሰንብቶ ነበር። በነጋታው ከንጋቱ 12 ሰዓት፣ ብርዱ ገና ሳይለቅ፣ መኪናዋን ባለችበት አቁሞ አስነሣና የነዳጅ መስጫውን እስከ ወለሉ ረገጠው። ግቢውን ሰማያዊ ጭስ ሞላው። ቀጥሎ ከሞተሩ ሆድ ቀጭን ኳኳታ ተሰማ፤ ኳኳታው ወፈረ፤ ሞተሩ ነክሶ ቆመ።

«ጋሼን ያዳነ ነገር እኔን እንዴት ገደለኝ?» አለ መካኒኩ ዘንድ ቆሞ።

መካኒኩ ካንዴላዎቹን ፈትቶ አሳየው። እነዚህም ጠቁረዋል፤ ግን በዘይት ረጥበዋል።

«የአጎትህ ጥላሸት ደረቅ ነበር፤ ያንተ ግን ዘይት ነው። መኪናህ ቀኑን ሙሉ ስትሠራ ትውላለች፤ ሙቀት አላነሳትም። የፒስተኑ ፋሻ አልቆ ዘይቷን እያቃጠለች ነበር። የቀረችውን ጥቂት ዘይትም ብርዱ አወፍሯት ከኩሽኔታው በቅጡ ሳትደርስ ረገጥካት። ጥላሸት በእሳት ይነዳል፤ ያለቀ ብረት ግን በእሳት አይተካም።»

ምሳሌው እዚህ ላይ ያበቃል፤ ፍቺው ወደ ሰው ይሻገራል።

የመምህሩ ኮሮላ ሥራ ፈትታ አልቆመችም፤ በየቀኑ ትወጣ ነበር። የጎዳት ዘወትር ከአቅሟ በታች መሥራቷ ነው። ወላጆቹ እንዳይደክም ብለው ከከባድ ነገር ሁሉ ያራቁት ልጅ፣ መሥሪያ ቤቱ ለዓመታት ደብዳቤ መዝገብ ላይ ብቻ ያስቀመጠው ጎበዝ ባለሙያ እንደዚሁ ነው። ሲታይ ሥራ ላይ ነው፤ ውስጡ ግን ጥላሸት ይጋገራል፤ በመጨረሻም ሰነፍ ይባላል። እንዲህ ላለው ሰው ከባድ ኃላፊነት ቅጣት ሳይሆን ፈውስ ነው።

ችግሩ፣ አንዱ በጫና ሲፈካ ያየ አለቃ ወይም አባት ሁሉንም በዚያው መድኃኒት ማከም መጀመሩ ነው። ቀኑን ሙሉ ስትለፋ ውላ አቅሟ የተሟጠጠ ሴት ሥራዋ ሲጓተት «በርቺ!» ትባላለች። ሥራውን ገና ያልለመደ አዲስ ተቀጣሪ በመጀመሪያው ቀን ትልቁ ሥራ ይጫንበታል፤ ሲወድቅ ደግሞ አቅም የለውም ይባላል። ጭሱን ከሩቅ አይቶ የሚፈርድ ሰው ሁለቱን መኪናዎች አይለይም፤ መለየት የሚችለው ኮፈኑን ከፍቶ ያየ ነው።

ሥራ የተነፈገውን አሠራው፤ ከዚያ በፊት ግን አሙቀው። የለፋውን አሳርፈው፤ ያለቀበትንም ተካለት።