ፊትን የተወ ምስክርነት

የጎዳና ፎቶግራፍ የሚባለው መንገደኛ ሳይዘጋጅ፣ ብዙ ጊዜም ሳይጠየቅ፣ ባለበት ሁኔታ የሚነሣበት ዘርፍ ሲሆን፣ ረቂቅ ወይም አብስትራክት የሚባለው ሥዕል ደግሞ የሚታወቅ ቅርጽን ትቶ በቀለምና በመስመር ብቻ የሚቆም ነው። ከመጀመሪያው ወደ ሁለተኛው የተሻገረ ባለሙያ የለወጠው መሣሪያውን ብቻ ነው ብሎ ማለፍ ይከብዳል፤ ፎቶግራፍ አንድ ሰው በአንድ ቀን በአንድ ቦታ እንደ ነበረ የሚመሰክር በመሆኑ፣ ፊትን የተወ ሰው ምስክርነቱንም ትቶ እንደሆነ መጠየቁ አይቀርም።

ጥያቄው በዋሽንግተኑ ዩ ስትሪት ላይ ይከብዳል። ዛሬ የኢትዮጵያ ምግብ ቤቶች በሚበዙበት በ9ኛው ጎዳናና በዩ መገናኛ አዲሰን ስከርሎክ እ.ኤ.አ. በ1911 ስቱዲዮ ከፍቶ፣ በኋላም ከልጆቹ ጋር፣ የከተማዪቱን ጥቁር ነዋሪዎች ሙሽራውንም ተመራቂውንም ለአሥርት ዓመታት አንሥቷል። ከዚያ በስተ ምዕራብ አምስት መገናኛ አለፍ ብሎ ያለው 14ኛው ጎዳና ደግሞ ማርቲን ሉተር ኪንግ በተገደሉበት ምሽት፣ ኤፕሪል 4 ቀን 1968፣ ሁከቱ የፈነዳበት ነው። ጢሱንና የተቃጠሉትን ሱቆች ፎቶግራፎች አስቀርተውልናል። የዋሽንግተኑ ሠዓሊ ሳም ጊሊያም ግን በ1969 በሠራው ትልቅ ሸራ ላይ ሰውም ሕንጻም የለም፤ ያለው ደም የመሰለ ቀይ ቀለም የፈሰሰበት ጨርቅ ብቻ ሲሆን፣ ከሟቹ ጋር የሚያገናኘው ርዕሱ፣ «ኤፕሪል 4» የሚለው ቀን ነው።

ይህ ይበቃል ወይ? ለሥዕል የሚሰጠው ክብር ወደ ባለሥዕሉ ያልፋል የሚለውን ሐሳብ ቅዱስ ባስልዮስ ስለ አብና ስለ ወልድ ሲጽፍ አንሥቶት፣ በ8ኛው መቶ ዘመን ዮሐንስ ዘደማስቆ ለቅዱሳት ሥዕላት ጥብቅና ሲቆም ተጠቅሞበታል። ከዚህ ተነሥቶ የምስል ዋጋ ከተወከለው አካል ጋር ካለው ትስስር እንደሚመጣ መከራከር ይቻላል፤ መልክ መምሰሉ ከትስስሩ አንዱ መንገድ ነው፣ ብቸኛው ግን አይደለም።

ሌላውን መንገድ የኢትዮጵያ ደብተራዎች ያውቁታል። ጠልሰም፣ ማለትም ክፉ መንፈስን ያርቃል ተብሎ በክታብ ላይ የሚሣለው ዓይንና መረብ መሰል ቅርጽ፣ የሚያርፈው በባለቤቱ ቁመት ልክ፣ ከራስ እስከ እግር ተለክቶ በተዘጋጀ ጥቅል ብራና ላይ ሲሆን፣ በጸሎቱ መካከል የባለቤቱ የክርስትና ስም ይገባበታል። የቤተ ክርስቲያን ሊቃውንት ልማዱን ቢነቅፉትም፣ በሥዕልነቱ ሲታይ ጉዳዩ ይደንቃል፤ መልክን ፈጽሞ የማይመስል፣ ሆኖም በቁመትና በስም ከአንድ ሰው በቀር ለማንም የማይሆን ምስል ነው። ከዩ ስትሪት ጥቂት እልፍ ብሎ ባለው በሃዋርድ ዩኒቨርሲቲ እስከ እ.ኤ.አ. 2001 ለረጅም ዘመን ያስተማረው ሠዓሊ እስክንድር ቦጎሲያን ከዚህ የክታብ ጥበብ ብዙ ቀድቷል። ስለዚህ ረቂቅ ሥዕል ለኢትዮጵያዊ ዓይን ከፓሪስ የመጣ እንግዳ ብቻ ነው ማለት አያስኬድም።

ከዚሁ ዩኒቨርሲቲ በ2000 ተመርቃ ለዋሽንግተን ፖስት ፎቶግራፍ ያነሣችው አይዳ ሙሉነህ በመካከል ላይ ቆማለች ማለት ይቻላል፤ ካሜራውን ሳትጥል፣ የሞዴሎቿን ፊት በነጭ፣ በሰማያዊና በቀይ ቀለም ሸፍና፣ ሰውን ወደ ምልክት አቅርባለች። እዚህ ላይ የፈቃድ ጉዳይም ይነሣል። ቀለም የተቀባችው ሞዴል አውቃና ፈቅዳ ስትቆም፣ የጎዳናው መንገደኛ ግን ፊቱን ማን እንደ ወሰደበት እንኳ ላያውቅ ይችላል፤ በተለይ የመኖሪያ ወረቀቱ ገና ያልተስተካከለለት ስደተኛ ሳይፈቅድ መነሣቱ ቀላል ነገር አይደለም። ከዚህ አንጻር ፊትን መተው የሥነ ምግባር እርምጃ ሊሆን ይችላል።

ነገር ግን ንጽጽሩ ወሰን አለው። ክታብ በባለቤቱ አንገት ታስሮ የሚኖር ስለሆነ የማን እንደሆነ አያጠያይቅም፤ ለሁሉ የተሰቀለ ሸራ ግን ርዕሱን ላላነበበ ተመልካች የሚያምር ቀይ ብቻ ሆኖ ሊቀር ይችላል፣ ዘመን ባለፈ ቁጥርም ይህ ይብሳል። በስሚዝሶንያን ከተቀመጠው የስከርሎክ ስብስብ ውስጥ የአያቱን መልክ የሚፈልግ ሰው በጊሊያም ሸራ ፊት ቢቆም የሚያገኘው ሐዘኑን እንጂ አያቱን አይደለም። ወደ ሸራ የሚሻገር ፎቶግራፍ አንሺም የቀድሞ ኔጋቲቮቹን ከእነ ቀናቸውና ከእነ ቦታቸው ለቤተ መዛግብት አስረክቦ ቢሻገር ይሻላል።