የግማሽ ላም ጌታ

በይፋት ቆላ አንዲት ላም ሁለት ጌታ ሊኖራት ይችላል። አንዱ ገንዘብ አውጥቶ ይገዛታል፤ ሌላው ይጠብቃታል፣ ያጠጣታል፤ የምትወልደውን ይካፈላሉ። ውሉ ርቢ ይባላል። በሸዋ ሮቢት ዙሪያ በመስኖ የሚለማው ሽንኩርትም መሬቱ የአንዱ፣ ጉልበቱ የሌላው ሆኖ በእኩል ሊለማ ይችላል። ጥያቄው እዚህ ላይ ይነሳል፤ የግማሽ ላም ጌታ የምን ጌታ ነው? የፊቱ ግማሽ የእሱ ነው እንዳይባል የምትታለበው ከኋላ ነው።

ባለቤትነት ሲፈታ ፍሬ፣ ማዘዝና ኪሳራ ይወጡታል። ወተትና ጥጃ ይከፈላሉ። ማዘዝ ግን አይከፈልም፤ ላሟ ወይ ትሸጣለች ወይ አትሸጥም።

ይህ ጎልቶ የሚታየው ከይፋት ርቆ፣ በአሜሪካ የቤዝቦል ክለቦች ነው። እ.ኤ.አ. በ1973 ጆርጅ ስታይንብሬነር የመራው ቡድን ኒውዮርክ ያንኪስን በ10 ሚሊዮን ዶላር ገደማ ገዛ። ሸሪኮቹ ገንዘብ አወጡ፤ ያዘዘው ግን እሱ ብቻ ነበር። ከነሱ አንዱ ጆን ማክመለን፣ በሕግ «ኃላፊነቱ የተወሰነ ሸሪክ» መባልን አንስቶ፣ የስታይንብሬነርን ሸሪክ ያህል የተወሰነ ፍጡር በዓለም የለም ሲል ቀልዷል። በኋላ እ.ኤ.አ. በ1979 የራሱን ክለብ፣ ሂውስተን አስትሮስን ገዛ። ጆርጅ ደብሊው ቡሽ ደግሞ በተቃራኒው እ.ኤ.አ. በ1989 ወደ 600,000 ዶላር አውጥቶ ከቴክሳስ ሬንጀርስ የያዘው ከ2 በመቶ ያነሰ ድርሻ ነበር፤ ሆኖም ከክለቡ መሪዎች አንዱ ሆነ። እ.ኤ.አ. በ1998 ክለቡ ሲሸጥ፣ ሸሪኮቹ በውል የጨመሩለት ድርሻ ታክሎበት፣ 15 ሚሊዮን ገደማ ደረሰው። እንግዲህ የማዘዝ መጠን የድርሻ መጠንን አይከተልም።

ታዲያ ባለድርሻን ባለድርሻ የሚያደርገው ምንድን ነው? ከ13ኛው መቶ ዘመን ጀምሮ በወላስማ ሡልጣኖች ሥር እስልምና ሥር በሰደደበት በይፋት መልሱ ከፊቅህ፣ ከእስልምና የሕግ ትምህርት፣ ይፈለጋል። በሸሪካ (በሽርክና) ሕግ ኪሳራ ባወጡት ገንዘብ ልክ ነው። አንዱ ገንዘብ፣ ሌላው ጉልበት ባዋጡበት ሙዳረባ ደግሞ ጥፋት እስካልሠራ ድረስ ሠራተኛው ልፋቱን፣ ባለገንዘቡ ገንዘቡን ያጣል። ለአንዱ ወገን ቁርጥ ያለ መጠን አስቀድሞ መመደብ አይፈቀድም፤ ድርሻው እኩል ወይም ሲሶ እንጂ «አሥር ኩንታል» ሊሆን አይችልም። ትርፍ እየጠበቀ ከኪሳራ የሚሸሽ ሰው በዚህ ሚዛን አበዳሪ እንጂ ሸሪክ አይደለም። ይህ ፍርድ ከማክመለን ቀልድ ይልቅ ጠንካራ ነው፤ አፉ የተዘጋ ሸሪክም ኪሳራው ከደረሰበት ሸሪክ ነውና።

ርቢ ራሱ ግን ሊቃውንቱን አላስማማም። ያልተወለደ ጥጃ የድካም ዋጋ መሆኑን ከፊቅህ መዝሀቦች (የሕግ ወገኖች) ሐነፊዎችና ሻፊዒዮች እርግጠኝነት የለውም ብለው ሲነቅፉት፣ ከሐንበሊዎች የፈቀዱት አሉ። ገበሬው በልማዱ ቀጥሏል። ላሟ በድርቅ ስትሞት ጠባቂው ቆዳዋን ለባለገንዘቡ ያሳያል፤ ባለገንዘቡ ላሟን፣ ጠባቂውም የከረመበትን ልፋት አጥተው ይለያያሉ።