ተራው የማን ነው?

በአንድ የቼዝ ውድድር የመጨረሻ ዙር ላይ አንድ ወጣት ከአንድ ስመ ጥር ሽማግሌ ጋር ተመደበ። ነጩ ለሽማግሌው ደረሰ። ወጣቱ ሌሊቱን ሲያወጣ ሲያወርድ አድሮ አንድ ዘዴ ይዞ መጥቷል፦ «እሳቸው ያደረጉትን ባደርግ፣ እሳቸው ካልተሳሳቱ እኔ በምን እሳሳታለሁ?»

ሽማግሌው በንግሥቲቱ በኩል ካለው ጳጳስ ፊት የቆመውን ወታደር ሁለት ቤት ገፉ። ይህ «የእንግሊዝ አከፋፈት» ይባላል፤ እንግሊዛዊው ሃዋርድ ስታውንተን በ1843 እ.ኤ.አ. ፓሪስ ላይ ፈረንሳዊውን ሴንት አማን ሲያሸንፍ ደጋግሞ ተጠቅሞበታል። መሐሉን ትቶ ከጎን የሚጀምር፣ የማይቸኩል ሰው አከፋፈት ነው።

ወጣቱም ያንኑ ገፋ። ፈረስ ወጣ፤ ፈረስ ወጣ። ጳጳስ ጥጉን ያዘ፤ ጳጳስ ጥጉን ያዘ። በአምስተኛው ላይ ሽማግሌው የዳሩን ወታደር አንድ ቤት ገፋ አደረጉና ቀና ብለው የልጁን እጅ አዩ። እጁ ወደዚያው ወደ ዳሩ ወታደር ሄደ። ከዚያ ወዲያ በዚያ ሰሌዳ ላይ ለሁለቱም ጦር የሚያስበው አንድ ሰው ብቻ ሆነ።

በእኛ ሰንጠረዥ ቢሆን ኖሮ ልጁ ባልተፈረደበት። እዚያ አንዱ የሌላውን እስኪበላ ድረስ ሁለቱም ተራ ሳይጠብቁ እንዳሻቸው ያንቀሳቅሳሉ፤ ወረራ ይባላል። ቼዝ ግን ከመጀመሪያው እርምጃ ጀምሮ በተራ ነው።

በ15ኛው እርምጃ የሁለቱም ፈረሶች ፈረስ በልተው በባላጋራ ሰፈር ቆሙ። በ16ኛው የሽማግሌው ፈረስ አንድ ወታደር በላና ቼክ አለ። የልጁም ፈረስ አቻውን ወታደር በልቶ ቼክ ለማለት አንድ ዝላይ ብቻ ቀርቶታል። እጁን ዘረጋ፤ እጁ አየር ላይ ቀረ። ንጉሡ ተይዟል። ንጉሡን ወደ ጥግ ሲያሸሽ የሽማግሌው ንግሥት ያን ፈረስ በላችው። የቀረው ብዙ አልቆየም።

«ያን የዳር ወታደር ለምን ገፋኸው ልጄ?»

«እርስዎ ስለገፉት ነዋ፣ አባባ።»

«እኔ እኮ የገፋሁት፣ ትገፋው እንደሆነ ለማየት ነው።»

ሽማግሌው መጫወቻዎቹን መልሰው ደረደሩ። ሰሌዳውን አዙረው ነጩን በልጁ በኩል አደረጉና ሰዓቱን አስነሱ።

«በል፣ ጀምር።»

ልጁ የሽማግሌውን እጅ አየ። ጉልበታቸው ላይ ተጣጥፎ ተቀምጧል። ሰዓቱ ይቆጥራል።