ሳይመረምሩ መውቀስ

ሰው ሲሳሳት ጥፋቱ የእጁ ነውን ወይስ የያዘው መሣሪያ? በወላይታ ሶዶ ለዘመን መለወጫው ለጊፋታ የሚለማመዱ ወጣቶችን ስናዳምጥ፥ ቤዝ ጊታር የሚመታውን ልጅ «ጆሮህ አይሰማም!» ብለን በጓደኞቹ ፊት ገሠጽነው። እርሱም አቀርቅሮ ዝም አለ።

በኋላ ግን መሣሪያውን መረመርነው። 86 ሳንቲሜትር ያህል የሚረዝመው አውታር ሳይጫኑት ሲመታ ልክ ነው፤ እኩሌታው ላይ፥ በ12ኛው የብረት መስመር ሲጫኑት ግን ድምፁ ከልኩ ይቀጥናል። አንገቱ በክረምቱ እርጥበትና በአራቱ አውታሮች ጉተታ ጎብጧል፤ በበገና በርኩማ የምንለው የአውታሩ መቀመጫም ወደ አንገቱ ቀርቧል። ስለዚህ በአንገቱ ውስጥ ያለውን የብረት ዘንግ በጥቂት በጥቂቱ አጠበቅን፤ አውታር ለመርገብገብ ስፍራ ይሻልና ፈጽመን አላቀናነውም። አውታሮቹን እንደገና ቃኝተን መቀመጫውን በብሎኑ ወደ ኋላ ብንስበው ድምፁ ታረመ።

እንግዲህ መምህርም ሆነ ሹም፥ ተማሪውን ወይም ሠራተኛውን ከመውቀሱ በፊት ያስቀመጠበትን ስፍራ ይመርምር። ይህን ማለታችን ለስንፍና ምክንያት ለመስጠት አይደለም፤ መሣሪያው ከታረመ በኋላ የሚመጣው ስሕተት የልጁ ነው። የፊተኛው ግን የእኛ ነበረ። በጓደኞቹ ፊት ገሥጸነው ነበርና፥ ይቅርታውንም በጓደኞቹ ፊት ጠየቅነው።