ያልጠረጠረ ተመነጠረ፤ የጠረጠረስ?

በአዲስ አበባ በሱቅና በምግብ ቤት መስታወት ላይ የሚለጠፈው የሥራ ማስታወቂያ አስተናጋጅም ይፈልግ ዕቃ አጣቢ፣ ማሳረጊያው አይለወጥም፦ «ዋስ ማቅረብ የሚችል።» ባለሱቁን ለምን ብትሉት ብዙ አይከራከርም። «ያልጠረጠረ ተመነጠረ» ይላችኋል፤ ነገሩ አለቀ። ቤት የሚመታ ተረት መልስ አይፈልግም።

ተረቱ ሐሰት ነው አልልም። ምንጣሮ ጫካን ከነሥሩ ማጽዳት ነው፤ ዘረፋን በዚህ የመሰለው ሰው ኪሳራውን የቀመሰ መሆን አለበት። መርካቶ ውስጥ ግማሽ ዕቃውን በዱቤ አንሥቶ የሚነግድ ሰው አንድ ሌሊት መጋዘኑ ቢገለበጥ ለከተማው ወሬ አይሆንም፤ ለእሱ ግን የልጆቹ ትምህርት ቤት ክፍያ ነው፣ የአከፋፋዩን ፊት ማየት ነው። ኢንሹራንስ ለሌለው ነጋዴ መጠርጠር ክፋት አይደለም።

ታዲያ ባለሱቁ ራሱ ለተረቱ ምን ያህል ያድራል? ጠዋት ሲከፍት ደጁ ላይ ያደረውን ወጣት «ዘርዝረህልኝ ና» ብሎ ባለ 200 ብር ይሰጠዋል። ዕቃ ሲራገፍ ያሸክመዋል፤ ልጁም በመርካቶ ግርግር ከዓይን ተሰውሮ ካርቶኑን ደንበኛው መኪና ድረስ ያደርሳል። መኪናም ይጠብቃል። ይህ ሁሉ እምነት ነው፤ በሰዓት የሚሰጥ፣ ማታ የሚሰረዝ። የሚከለከለው የልጁ ስም መዝገብ ላይ ይስፈር፣ ደመወዝ ይቆረጥለት ሲባል ነው። ትናንት ከገጠር የመጣው የአክስት ልጅ ግን ዋስ ሳይጠየቅ መሳቢያው አጠገብ ይቀመጣል። ነጋዴዎች ስለ ስርቆት ሲጨዋወቱ የሰማ ሰው ደግሞ ታሪኩ ብዙ ጊዜ ዘመድ ላይ እንደሚያልቅ ያውቃል። ባይተዋሩን ይጠረጥራሉ፤ ሌባው ከጓዳ ይወጣል።

የጎዳናው ወጣት ዋስ የሚሆነው ደመወዝተኛ ዘመድ ቢኖረው መጀመሪያም በረንዳ ላይ ባላደረ። (በረንዳውም እየጠፋ ነው፤ የፒያሳ አሮጌ ሱቆች በ2016 ዓ.ም. ለኮሪደር ልማት ሲፈርሱ የሌሊት መጠለያ የነበሩት በረንዳዎች አብረው ሄዱ።) የነዋሪነት መታወቂያ ለማውጣት የቤት አድራሻ ይጠየቃል፤ ቤት ለመከራየት መታወቂያ፤ ለሲም ካርድም መታወቂያ፤ ቴሌብር ለመክፈት ሲም ካርድ። ስለዚህ ያገኛትን ብር ጫማው ውስጥ ይዟት ይተኛል፤ ሌሊት ይወስዱበታል።

ምግብ ቤቶች ቡሌ (ትራፊ ምግብ) ይሰጣሉ፣ ከተማ አስተዳደሩም የምገባ ማዕከላት ከፍቷል። አላጣጥለውም፤ የራበው ሰው መብላት አለበት። ግን ሦስት ዓመት ቡሌ የበላ የ20 ዓመት ወጣት በአራተኛውም ዓመት የሚጠብቀው ያንኑ ቡሌ ነው።

ነጋዴው የዋስን ነገር ከማንም በላይ ያውቃል። እቁብ ቀድሞ የደረሰው ሰው ገንዘቡን የሚወስደው ዋስ ጠርቶ ነው፤ ብዙ ሱቅ የሰፋው ሌሎች ስለፈረሙለት ነው። እዚያ ማንም መጠርጠሩን አልተወም፤ ጥርጣሬውን ተከፋፈሉት። «ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ» የሚለው ተረት የፊተኛውን የሚያርመው እዚህ ላይ ይመስለኛል። የአንድ ሰፈር አሥር ነጋዴዎች አንድን ወጣት በጋራ ቢዋሱትና ልጁ የ20,000 ብር ዕቃ ይዞ ቢጠፋ ለእያንዳንዳቸው የሚደርሰው 2,000 ብር ነው። ያማል፤ ሱቅ ግን አያዘጋም። መዝገቡንም ያው የእቁቡ ጸሐፊ ይያዘው።

ሕጉም ለጥርጣሬ ቦታ ትቷል። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 እስከ 60 የሥራ ቀናት የሙከራ ጊዜ ይፈቅዳል፤ በዚያ ጊዜ ለሥራው ብቁ ሆኖ ያልተገኘን ሠራተኛ ያለ ማስጠንቀቂያ ማሰናበት ይቻላል። ልጁ ከዕቃ ማጠቢያው፣ ከማሸጊያው፣ ከማውረድና ከመጫኑ ይጀምር። ቁልፍና መሳቢያ ይቆዩ።

ደግ ነጋዴዎች ሳይቀሩ የሚሰናከሉት በመጀመሪያው ወር ነው። ልጁ አልጋ የሚከራየው በየሌሊቱ ነው፤ ደመወዙ የሚመጣው ወሩ ሲያልቅ። የአልጋ ኪራይ ሲያጣ ተመልሶ ውጭ ያድራል፣ ሳይታጠብና ሳይተኛ ሥራ ይገባል፣ ደንበኛ ፊቱን ያጠቁርበታል፣ አንድ ቀን ይቀራል። ባለሱቁም «ብዬ ነበር፤ የጎዳና ልጅ ሥራ አይወድም» ይላል። ያን ወር በየቀኑ ወይም በየሳምንቱ ይከፈለው። ጠዋት ደንበኛ ሳይገባ ገላውን የሚታጠብበት፣ ብርድ ልብሱን ቆልፎ የሚያስቀምጥበት ቦታ ይሰጠው። ይህ ለባለቤቱ የሚያስወጣው ገንዘብ እዚህ ግባ አይባልም፤ የሚጠይቀው ማሰብን ነው።

የመጀመሪያውን ተረት ልጁም ያውቀዋል፤ ከባለሱቁ በላይ የሚገባውም እሱ ነው። ሳምንት ሙሉ አሸክመው «ነገ ና» ያሉት አሉ፤ ግማሹን ሰጥተው ያባረሩትም አሉ። በምን መታወቂያ ይክሰስ? ስለዚህ የመጀመሪያው ቀን ሒሳብ ማታውኑ እጁ ካልገባ በማግሥቱ ላይመለስ ይችላል። ስንፍና ነው የሚሉትን አልሰማም። ቀድሞ መክፈል ያለበትም ብዙ ያለው ወገን ነው።

መታወቂያውን በሚመለከት አንድ በር ተከፍቷል። ለፋይዳ ብሔራዊ መታወቂያ ሰነድ የሌለው ሰው አስቀድሞ በተመዘገበ ሰው ምስክርነት መመዝገብ ይችላል፤ ምዝገባውም በነፃ ነው። የሚጎድለው ምዝገባ ጣቢያ ድረስ አብሮት የሚሄድ ሰው ነው። ደጁ ላይ ሲያድር ያየው ባለሱቅ ለዚህ ይበቃል። ግማሽ ቀን ቢፈጅበት ነው፤ ሱቁን እስከዚያው የአክስቱ ልጅ ይጠብቅለት።